አማርኛ የማያውቀው ስክሪን

የድሮ ኮምፒውተር ጠንካራ ነበር ይባላል። አልነበረም። ትዕግሥት አስተምሮናል ይባላል። ይሄም ውሸት ነው። "በድሮው የተማረ ሰው ነገሩን ከሥሩ ያውቀዋል፤ የዛሬ ልጅ መነካካት ብቻ ነው" የሚሉም አሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተማሩት በደህናው ማሽን ነው። በአሮጌው የተማርነው አፋችንን ስንከፍት ደስ አይላቸውም፤ ጨዋታ እናበላሻለን።

ላበላሽ።

በቅርቡ ሐረር ሄጄ ነበር። ከጀጎል ግንብ ሸዋ በር ወጣ ብሎ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰሚር የሚባል እኩያዬ አለ። የሱቁን ጓዳ ሙዚየም አድርጎታል። ሆዳቸው ወደ ኋላ የተነፋ ሞኒተሮች በመደርደሪያ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ዘመኑን የሚመጥን ኮምፒውተር፣ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ዘመኑን የሚመጥን ግራፊክስ ካርድ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ኦፕሬቲንግ ሲስተም። አንዷን ካርድ ፈልጎ ለማግኘት ዓመት እንደፈጀበት ነገረኝ። ሰው በዓመት ስንት ነገር መሥራት ይችላል!

"ቆይ ላሳይሽ" ብሎ አንዱን ሰካው። መጀመሪያ ቀጭ አለ። ቀጥሎ እንደ ወባ ትንኝ ቀጭን ድምፅ አወጣ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የጋለ አቧራ ሽታ። ስክሪኑ ቀስ እያለ ብርቱካናማ ሆነና አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

"አያምርም? ነፍስ አለው እኮ!" አለኝ።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ተከትሎኝ መጣ፤ ደነገጠ መሰለኝ።

"ምነው? አስም አለብሽ እንዴ?"

"እኔስ የለብኝም" አልኩት።

አስም የነበረባት እናቴ ናት። አስካለ ትባላለች። ከግንቡ ውጭ ባለው የሐረር አዲሱ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበረች። አባቴ ሞቶ ስለነበር ሁለታችን የምንኖረው በእሷ ጣቶች ነው። አምስተኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪናዎቹን ሊያነሳ መሆኑ ተነገረ። ለአዲሱ ዓመት ኮምፒውተር ይመጣል። ጸሐፊዎቹ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ይፈተናሉ። ያለፈች ወንበሯን ትይዛለች፤ የወደቀች ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች።

መዝገብ ቤቱ ከግቢው ጀርባ፣ በጠባብ መስኮት ብርሃን የሚለመንበት ክፍል ነበር። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የተከመረ ፋይል እስከ ጣሪያ ድረስ ሞልቶታል፤ በፋይሉ ላይ ደግሞ የዚያኑ ያህል ዕድሜ ያለው አቧራ። እናቴ አንድ ፋይል ለማውጣት ለአፍታ ገብታ የወጣች ቀን፣ ማታ ደረቷ ሲያፏጭ ከጎኗ ተኝቼ እሰማ ነበር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች "ብወድቅ ሰው ይስቅብኛል" ብለው ይፈሩ ይሆናል። እኛ ቤት የሚፈተነው የእናቴ ሳንባ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ታዲያ የት ይማሯል? በከተማው በአንድ ትምህርት ቤት ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ። በክረምት ለሠራተኞች ሥልጠና ይሰጥባቸዋል ተባለ። አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ናቸው። ሃምሳ አለቃ በቀድሞው ጦር የመገናኛ ባለሙያ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን አገራቸው ሳይመለሱ ሐረር ቀሩ። ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተርም አያቅተውም ብለው ርዕሰ መምህሩ ቀጠሯቸው። ከሬዲዮው ይዘውት የመጡት ዋና ነገር ግን ጩኸቱ ነበር።

"ጫማ!" ይሉ ነበር በሩ ላይ ቆመው። "ጫማ ከውጭ!"

የኮምፒውተር ክፍል በጫማ አይገባም ነበር፤ አቧራ ማሽኑን ይገድለዋልና። እንደ መስጊድ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን፣ በክረምት ጭቃ የራሰ ካልሲያችንን እየጎተትን እንገባለን። ወለሉ በቀን ሁለቴ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሞኒተሮቹ ላይ የርዕሰ መምህሩ ባለቤት የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተደርቧል። ዳንቴሉ የሞኒተሩን መተንፈሻ ስለሚደፍነው ከቀትር በፊት ይግልና ያ ሽታ ይመጣል። ዳንቴሉን ግን ማንም አያነሳም፤ የእመቤት ሥራ ነውና ነውር ነው። ለሁለት ብረት ሳጥን ሲባል ስንት ሰው ጫማውን አውልቆ ቆመ! መዝገብ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ልወልውል ያለ አንድም ሰው አላስታውስም።

እኔን ቤት የሚጠብቀኝ ስላልነበረ እናቴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ቀን አይተውኝ፣ "ይቺ ምልምል ማናት?" አሉ።

"ልጄ ናት። ቁጭ ብላ ጽሑፍ ታነብልኛለች እንጂ አትረብሽም።"

"ማሽን ከነካች ከወታደር ቤት ትባረራለች" አሉና አሳለፉኝ።

ማሽኑን ማስነሳት ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በውስጡ የሚቀመጥ ምንም ነገር የለውም፤ ሁሉ ነገር በፍሎፒ ነው። ፍሎፒዎቹ የሰው መዳፍ የሚያክሉ፣ እንደ ካርቶን የሚታጠፉ ጥቁር ነገሮች ሲሆኑ በብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይነሳል። እሱ ይወጣና የአማርኛው ፕሮግራም ይገባል። ፕሮግራሙ መሃል ላይ የመጀመሪያውን መልሱልኝ ይላል። ይመለስለታል። ከዚያ መብራት ይሄዳል።

ሐረር መብራት ሲሄድ ሰው "መጣ" እስኪባል ጨዋታውን ይቀጥላል። እዚያ ክፍል ግን ሃምሳ አለቃ በጨለማው "ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" ብለው ይጮኻሉ፤ የተበተነው ጦር የሚመለስ ይመስል። እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት የጻፈችው ጠፍቷል። መብራቱ ሲመለስ ከብስኩቱ ቆርቆሮ እንደገና።

አንደኛው ሞኒተር አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ብርቱካናማ ነበር። አረንጓዴው ቢጠፋም ባይጠፋም መስታወቱ ላይ ደብዘዝ ያሉ የእንግሊዝኛ መስመሮች ይታያሉ። ከእኛ በፊት የነበረበት ቢሮ ለዓመታት አንድ ገጽ ከፍቶ ትቶበት፣ ጽሑፉ መስታወቱ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የመሰለኝ ሌላ ነው፦ የፈረንጁ ጽሑፍ እንደ ቀበሌ ቤት ተከራይ አልለቅም ብሎ ተቀምጧል፤ አማርኛው ደግሞ ቦታ አጥቶ ውጭ ቀርቷል። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ ለሻይ ሲወጡ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ላስለቅቀው ሞከርኩ። ተከራዩ አልወጣም። ክፍሉ ግን እንደ ፋኖስ ሸተተና ከወታደር ቤት ለሳምንት ተባረርኩ።

አማርኛው ውጭ ቀርቷል ያልኩት እንዲሁ አይደለም። በሁለቱም ስክሪን ላይ አማርኛ አይታይም ነበር። እናቴ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብላ ትመታለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የላቲን ፊደል፣ ግማሽ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት ነው።

"ሃምሳ አለቃ፣ አማርኛው የታል?" ብላ ጠየቀቻቸው በመጀመሪያው ቀን።

"ውስጥ ነው።"

"የት ውስጥ?"

"ማሽኑ ውስጥ። በፕሪንተር ይወጣል። ወይዘሮ አስካለ፣ እውነተኛ ጸሐፊ ስክሪን አያይም! በጨለማ የሬዲዮ መልእክት የተቀበልን ሰዎች ነን እኛ። ማየት ስንፍና ነው።"

ዓርብ ዓርብ ፕሪንተሩ ይከፈት ነበር፤ የቀለም ሪባኑ እንዳያልቅ በሳምንት አንዴ ብቻ። እየጮኸ፣ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ሲተፋው፣ እውነትም አማርኛ ነው። "ለሚመለከተው ሁሉ።" እናቴ እልል አለች። ሃምሳ አለቃ ደረታቸውን ነፉ። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ባለሙያ ለሌላ ሥራ ጎራ ብሎ ሳጥኑን ከፈተው። አንዲት ካርድ መዝዞ አሳየን። "ችግሩ ይቺ ናት" አለ። "ለስክሪኑ የምትሥለው ይቺ ናት፤ የምታውቀው ከፋብሪካ የተሰጣትን ፊደል ብቻ ነው፣ እሱም ላቲን ነው። ነጥብ በነጥብ የፈለጉትን የሚሥል ካርድና ለእሱ የሚሆን ሞኒተር ለማሽኑ ቢገባለት አማርኛው ይታይ ነበር።" እናቴ ፊቷ በራ። "ታዲያ ይቀየራላ!" አለች። ሃምሳ አለቃ ካርዷን ከእጁ ተቀብለው በቦታዋ መለሷት። "ይሄ ስጦታ ነው። በስጦታ ላይ እንከን አይወጣም" አሉ። እንግዳውን ይዘው የገቡት ርዕሰ መምህሩም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለጋሾቹ ቅር ይላቸዋል። ከሩቅ አገር የመጣ፣ አማርኛ የማያውቅ ዕቃ ተሰጥቶን፣ የሰጪው ቅሬታ ከእናቴ ሳንባ በልጦ ተመዘነ። ያኔ ይህን ማለት አልችልበትም ነበር። እናቴ ወደ ኪቦርዱ ስትመለስ አየሁና ጽሑፉን ማንበብ ቀጠልኩላት።

ከእናቴ ጋር ሩቂያ የምትባል ጸሐፊ ትሠራ ነበር። እናትና አባቷ፣ አያቶቿም ጀጎል ውስጥ የተወለዱ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት ናት። እሷም አንድ ቀን ሥልጠናውን ልትሞክር መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ተቀመጠች፣ ጥቂት መታችና ስክሪኑን አየች።

"ይሄ ምንድነው?"

"አማርኛ ነው" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ውስጥ ነው ያለው።"

"ሃምሳ አለቃ፣ እኔ የማላየውን የማምነው አላህን ብቻ ነው" አለችና ተነሥታ ጫማዋን አደረገች።

"ዲሲፕሊን የላትም!" አሉ ከኋላዋ።

እናቴ ግን ዲሲፕሊን ነበራት። ለዓመታት በጽሕፈት መኪና የሠሩ ጣቶች መስመር ባለቀ ቁጥር የመኪናውን ክንድ ለመግፋት ወደ ግራ ይወረወራሉ፤ ሞኒተሩን በጥፊ ትመታዋለች። "ወይዘሮ አስካለ፣ ሞኒተሩ ጠላት አይደለም!" ቀስ በቀስ ተወችው። ማሽኑ አልሠራ ሲል ወይም ተራ ሲጠፋ፣ ከሥራ በኋላ ሩቂያ ቤት እንሄዳለን። ጠባቡን የጀጎል መንገድ ወርደን፣ ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ቤት ገብተን፣ በቀይ የተቀባው ነደባ ላይ፣ የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ ላይ፣ እናቴ ካርቶን ትዘረጋለች። ካርቶኑ ላይ ኪቦርዱን ሥላዋለች። ዓይኗን ጨፍና ካርቶን ትመታለች። እኔ አነባለሁ።

"ወላሂ አብዳለች" ትላለች ሩቂያ ጫቷን እየቀነጠሰች። "ካርቶን እየደበደበች ደሞዝ ትጠብቃለች! አስኩዬ፣ ጣቶችሽስ ሠለጠኑ፤ ዓይንሽን ለማን አወረስሽው?"

"አንቺ ቀልጂ፤ ነሐሴ ይመጣል።"

"ይምጣ። ካልገባኝ እጠይቃለሁ። አፍ የተሰጠኝ ለምንድነው?"

"ፈተና ላይ ይጠየቃል እንዴ?" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ የማይጠበቅ ነገር ሆነ። ያንን ዝባዝንኬ ማንበብ ቻልን። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል መሆኑን እናቴም እኔም ለየን። ቅንፏን ሳይ "ሁ" እላለሁ። ብርቱካናማው ስክሪን ላይ ስህተት ካየሁ ከእሷ ቀድሜ እጠቁማለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ "ምልምሏ የምስጢር መልእክት ፈቺ ሆነች!" ብለው ከረሜላ ሰጡኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩ መስሎኝ ለሰፈር ልጆች ስኩራራ ከረምኩ። የነሐሴ መጀመሪያ ዓርብ ላይ ከፕሪንተሩ የወጣው የእናቴ ገጽ አንድ ግድፈት አልነበረውም። ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ሰጧት፤ እውነተኛውን፣ እጅ ከግንባር።

የፈተናው ቀን መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሆኜ በመስኮት አይ ነበር። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ስክሪናቸው ባለ ቀለም ነው፤ ሰማያዊ ሰማይ የመሰለ ነገር ይታይባቸዋል፤ አይጥ የሚሉት ነገር፣ ማውሱ፣ የገመድ ጭራውን ዘርግቶ ከጎናቸው ተኝቷል። ፈታኙ ወረቀት አደለና "ጀምሩ" አለ። አዲሱ ፕሮግራም አማርኛ የሚጽፈው መጀመሪያ የአማርኛው ፊደል ከላይ ካለው ዝርዝር ሲመረጥለት ነው። ያልተመረጠለት እንደሆነ የሚጽፈው እንደ ክረምቱ ማሽን ያንኑ ላቲን ነው። ይህን ከጸሐፊዎቹ ማንም አያውቅም፤ ፈታኙም መናገር ረሳው።

ሁሉም መምታት ጀመሩ። ሁሉም ስክሪን ላይ ላቲን መጣ።

ሩቂያ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ወንድሜ! ይሄ ነገርህ አማርኛ አይጽፍም! እንግሊዝኛ ነው እንዴ የምትፈትነን?"

ሳቅ ሆነ። ፈታኙ መጥቶ በአይጡ አንድ ነገር ጠቅ አደረገላትና አማርኛው መጣ። ይህን ያዩት ግራ ቀኝ የነበሩት ሁሉ "እኔም! እኔም ጋ!" አሉ። ፈታኙ ከአንዷ ወደ አንዷ ሮጠ።

እናቴ ቀና አላለችም። ስክሪኗ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት እየተደረደረ ነበር። ለእሷ ይህ የትክክለኛ ሥራ መልክ ነው። ክረምቱን ሙሉ ትክክል ስትሆን የሚመጣው እንዲህ ነበር። ሌሎቹ እየጮኹ እሷ ረጋ ብላ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ጣቶቿን ብቻ እያንቀሳቀሰች ትጽፋለች። እኔ በመስኮቱ አነብላት ነበር። ግድፈት የለውም። ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ኩራቴን አልችለው ብዬ መስኮቱን ዘልዬ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ፕሪንተሩ ገጿን አወጣው። ፈታኙ ወረቀቱን አንሥቶ ገለበጠው፣ መለሰው።

"የማን ነው ይሄ?"

"የእኔ" አለች እናቴ።

"እመቤት፣ ይሄ ምንድነው?"

"ጽሑፉ ትክክል ነው። ፕሪንተራችሁ ነው ችግር ያለበት።"

ሰው ሳቀ። ሩቂያ ብቻ አልሳቀችም። "እንደገና ትጻፍ! አልገባትም እንጂ እጇ ከሁላችንም ይፈጥናል!" ብላ ጮኸች። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ አልቋል። ሩቂያ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ ሳትሠለጥን አለፈች።

እናቴ ከመስከረም ጀምሮ መዝገብ ቤት ገባች። ሩቂያ አለቃው ዞር ሲል ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አሥራ ፋይሉን ራሷ እየገባች ታወጣላት ነበር፤ እናቴም ወንበሯን ወደ በሩ ስባ ትቀመጣለች። ግን አለቃው ሁልጊዜ ዞር አይልም። ማታ ደረቷ ያፏጫል፤ የማትተኛው ለእኔ ብላ ይመስል "ተኚ፣ ተኚ" ትለኛለች።

በዚያው መስከረም፣ በበዓሉ ሰሞን፣ ሃምሳ አለቃ ሊጠይቁን ቤታችን መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል። ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበላቸው፣ ስኳሩን ደጋግመው አማሰሉ።

"ወይዘሮ አስካለ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኛ አልተሸነፍንም። የከዳን የእነሱ ማሽን ነው።"

እናቴ ሳሏን ጨርሳ፣ "እሱስ እውነት ነው፣ ሃምሳ አለቃ" አለች።

ክፉ ሰው አልነበሩም። የተሰጣቸው ሣጥን አማርኛ ማሳየት ቢያቅተው፣ አለማየትን ጀግንነት አድርገው አስተማሩን፤ ራሳቸውም ከልባቸው ያምኑ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ሁለቱ ተስማምተው ሻይ ሲጠጡ ሳይ አላስቻለኝም።

"ለምን አልጠየቅሽም?" ብዬ ጮኽኩባት። "እትዬ ሩቂያ ጠየቀች እኮ! ሁሉም ጠየቁ እኮ!"

እናቴ በመገረም አየችኝ።

"ምን ብዬ ልጠይቅ?" አለችኝ። "ትክክል ነበር እኮ።"

አሮጌ ማሽን የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ትዕግሥት እያሉ የሚያሞግሱት ይህን ነው። የተበላሸ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ትክክል ነው ብሎ መቀጠል። ሰሚር ለደስታው ሲል አሮጌ ሞኒተር ቢያበራ አልቀየመውም፤ የተሰለፈበት ፈተና የለም፣ ሲሰለቸው ያጠፋዋል። ለሌላው ሰው ግን ብቸኛው መማሪያው ሆኖ ሲቀርብለት አሮጌ ዕቃ ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ እናንተ አንባቢዎች፣ ቢሯችሁ ወይም ቤታችሁ ያረጀ ኮምፒውተር ኖሮ "ለሆነ ትምህርት ቤት ይጠቅማል" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ሰክታችሁ አብሩት። የእናታችሁን ስም በአማርኛ ጻፉበት። ስሟ ስክሪኑ ላይ ካልታየ አትስጡት። ጣሉት።